ልክ የገጠመው ወሬ

ትብሊሲ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1993

ሜራብ ልጄ፣

እንዴት ነህ? እኛ አለን። «አለን» ስልህ ዝም ብለህ ተቀበል እንጂ እንደ ተማሪነት ዘመንህ በአክብሮት «ካልባቶኖ፣ ይህን በምን አረጋገጡ?» እንዳትለኝ። ደብዳቤህን ያመጣችው ልጅ ከላክልኝ ቸኮሌት ግማሹን አውሮፕላን ላይ በልታዋለች። ይቅር ብያታለሁ፤ እኔም ብሆን አልምረውም ነበር።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ኢንስቲትዩቱ ክፍት ነው። የላምባ ምድጃ አስገብተን፣ ኮታችንን እንደለበስን እናስተምራለን። ተማሪዎቼ አራት ናቸው። አንደኛው የሚመጣው ለሙቀቱ እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበሮች የሰማኸውም እውነት ነው፣ ማገዶ ሆነዋል፤ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፣ ያፍራል ሰው።

የሒሳብ ጽሑፋችን ሁለተኛው ክፍል ላይ ቆሟል እንጂ አልፈረሰም። አንተ ዙሪክ ባንክህ ውስጥ በኮምፒውተር የምታስሰውን ነገር እኔ እዚህ የምንዛሪ ኪዮስኮቹ መስታወት ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። አዲሱን ገንዘባችንን፣ ኩፖኑን፣ እዚህ በሩብል ትለውጣለህ። ሩብሉን ባቱሚ ወስደህ በቱርክ ሊራ ትለውጣለህ። ሊራውን ይዘህ ተመልሰህ እንደገና ኩፖን ትገዛለህ። እያንዳንዱ ልውውጥ፣ በእኛ ሥዕል እያንዳንዱ ቀስት፣ ለብቻው ሲታይ ሐቀኛ ነው፣ ማንም ማንንም አላታለለም። ዙሩን ጨርሰህ ስትመጣ ግን ከወጣህበት በላይ ይዘህ ትገኛለህ! ዙሩ አይዘጋም፤ መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ስለ ቀዳዳ ሳስተምር አንዱን በእጄ ስነካ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ሕፃን ነው የጨፈርኩት።

ይኸው ጭፈራዬ ነው ጉድ የሠራኝ። ስለ ኦቲያ ጠይቀኸኛል። ፋብሪካው ሲዘጋ የልጄ ኬሚስትነት አብሮ እንደተዘጋ ታውቃለህ፤ ውሎው መስኮት ላይ ነበር። እራት እየበላን የሦስቱን ገንዘቦች ሦስት ማዕዘን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሳልኩለት። አተኩሮ አየውና፣

«እማ፣ ይሄ ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ነው ወይስ በእግርም ይኬዳል?» አለኝ።

«በእግርም ይኬዳል!» አልኩት እየሳቅኩ።

በሳምንቱ ቤት ያለችንን ሁሉ ይዞ ባቱሚ ሄደ። እስካሁን መመለስ ነበረበት። በምዕራብ በኩል ተኩስ አለ ይላሉ፤ ባቡሩም የሚቆመው ደስ ባለው ቦታ ነው። ጉሊኮ የምትባል የባቡር አስተናጋጅ ሲሄድ ሳምትሬዲያ ጣቢያ አይታዋለች፤ ቦት ጫማውን አውልቆ ጠጠር ሲያራግፍ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ያየሁ የሚል የለም።

አንድ እሱን ነው የወለድኩት። ለሌላ ሰው አልናገርም፣ ላንተ ግን ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ ሜራብ።

ላማራ


ዙሪክ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1993

የማከብርዎት ካልባቶኖ ላማራ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሌላ አይደለም።

ልብዎን እንዴት አድርጎዎታል? ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልዎት ሰው እጅ የላክሁትን መድኃኒት ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ ይውሰዱ። እባክዎን ለጎረቤት አያድሉ፤ አውቅዎታለሁ። ካልሲውም የእርስዎ ነው፣ የማንም አይደለም።

ስለ ባንኩ ልንገርዎት። ደህና ነው፤ ይሞቃል። አለቃዬ ጠዋት ሲገባ ከ«እንደምን አደርክ» በፊት የሚለኝ «ዛሬስ ቀዳዳ አለ?» ነው። ሲኖር ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። እነዚህ ሰዎች የእኛን ሒሳብ የሚወዱት እኛ በምንወደው ምክንያት አይደለም። ቅር አይበልዎት፣ ደመወዝ ይከፍላሉ።

የጽሑፋችንን ማረጋገጫ እንደገና እንዳየው ቀደም ብለው አዝዘውኝ ነበር። አየሁት። ስሕተት የለበትም። ቢኖርበት እንዴት ደስ ባለኝ! በእኛ የቀስቶች ሒሳብ ከአንዱ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ከተሄደ፣ ከአንዱ ወደ ሦስተኛው ተሄዷል፤ አለቀ። ቀስቱን መንገድ ላይ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ የሚያስቆመው ሰው የለም። ይህን ሕግ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሃያ ዓመት እንደ ጸሎት ደግሜዋለሁ። ሰሞኑን ግን ሳየው ያስጠላኛል።

ስለ ኦቲያ ምን ልበልዎት? መንገዱ ሲከፈት ሁሉም ይታወቃል። እስከዚያው ብቻዎን አይቀመጡ። ቫርዶ እታች ቤት መኖሯ ያጽናናኛል። ወደ እሷ ወረድ ይበሉ፤ ተጨዋወቱ። ሦስት ማዕዘኑንም ለጊዜው ይተዉት፤ እኔ እይዘዋለሁ።

ሁሌም የእርስዎ፣
ሜራብ


ትብሊሲ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1993

ሜራብ፣

ምን ነካህ? ደብዳቤህ የቀብር ንግግር ይመስላል። ዙሪክ እንዲህ ነው እንዴ ሰውን የሚያደርገው? «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትለኛለህ፤ አንተ ሥራ በዝቶብህ አያውቅም፣ ሰነፍ ነህ፤ ጎበዝ የሆንከውም በስንፍናህ ነው፣ አጭሩን መንገድ ስለምትፈልግ።

ለጥያቄዎችህ መልስ፤ መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው። አላደልኩም። እሺ፣ ትንሽ ለካርሎ ሰጥቻለሁ። ልብስ ሰፊ ነው፣ ጎንበስ ሲል ደረቱን ይወጋዋል፤ ዝም ብዬ ልየው? ከቫርዶ ጋር ደግሞ ተጨዋወቱ ስትለኝ አሳቅከኝ። በልብስ ማስጫ ገመድ የተነሳ ከወጣትነታችን ጀምሮ ጦር የተማዘዝን ሰዎች ነን። አሁን ግን ጉድ እልሃለሁ! እሷ ናት የዳቦ ሰልፍ የምትቆምልኝ። ገመዱንም «ያንቺ ይሁን» ብላ ለቀቀችልኝ። ግቢው ሁሉ ድንገት ደግ ሆነብኝ። የላይኛው ፎቅ ልጅ እንኳ ፒያኖ መለማመድ ተወች፤ እናቷ «ጣቷን በርዷት ነው» አለችኝ። ጆሮዬ ዐረፈ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የኦቲያ ወሬ አለኝ! አለኝ ስልህ እንደ ፈራረሰ ሸክላ ነው ያለኝ። የቫርዶ የወንድም ልጅ ባቱሚ ወደብ ላይ አይቶታል፤ የተጠበሰ ዓሣ እየበላ ከቱርክ መርከበኞች ጋር ይስቅ ነበር። ካርሎ ደግሞ ዘስታፎኒ ሆስፒታል ውስጥ እግሩ በጄሶ ታስሮ ተኝቶ አየሁት ይላል፤ በዚያው ሳምንት! ዘስታፎኒና ባቱሚ የአንድ ቤት ሁለት ክፍል አይደሉም። ጉሊኮ ጫማውን አለች፣ ያኛው ዓሣውን አለ፣ ይኼኛው ጄሶውን። እያንዳንዱ ወሬ ለብቻው ሲሰሙት ያምራል፤ ተናጋሪውም በዓይኔ አየሁ ብሎ ይምላል። መጋጠሚያቸው ላይ ሳስተያያቸው ግን አይገናኙም። አንድ ልጅ አይወጣቸውም።

ኪዮስኮቹ መስታወት ላይ ያየሁት ነገር ቤቴ ገባ። ልብ በል፣ የራሳችን ቲዎሪ ምን ይላል? ዙሩ የሚዘጋበት ገበያ ላይ ብቻ ነው ሁሉን የሚያስማማ አንድ ይሆናልነት፣ አንድ የዕድል ቁጥር፣ የሚገኘው። ዙሩ ትርፍ ከሰጠ፣ በየማዕዘኑ የየራሱ ዕድል አለ፤ በአንድነት ግን የለም። ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ራሱ የለም። ታዲያ እኔ እናቱ ቁጭ ብዬ «ልጄ በሕይወት የመኖሩ ዕድል ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ እኔው ያረጋገጥኩት ነገር «ሴትዮ፣ እንዲህ የሚባል ቁጥር የለም» ይለኛል። ሰው በገዛ ማረጋገጫው ይታነቃል?

ቁጥር ስጠኝ ሜራብ። የፈለግኸውን ያህል ትንሽ ይሁን። ትንሽ ቁጥር ይዤ እኖራለሁ፤ ባዶ ይዤ ግን መኖር አልቻልኩም።

ላማራ


ዙሪክ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1993

የማከብርዎት ካልባቶኖ ላማራ፣

ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ የምሥራች ነው። ኦቲያ ስልክ ደወለልኝ!

ቀደም ብዬ ስላልጻፍኩ፣ ባለፈው ደብዳቤዬም ስላስከፋሁዎት ይቅርታ። አሁን ሁሉንም በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ። ሳምትሬዲያ ላይ ባቡሩ አልሄድም ሲል በጭነት መኪና ተሳፈረ። ጫማው ሲያስቸግረው ነበር፤ ጉሊኮ ያየችው እውነት ነው። ባቱሚ ደረሰ፣ ሩብሉን ለወጠ። የቫርዶ የወንድም ልጅ ያየው ያኔ ነው፤ መርከበኞቹም ኋላ የረዱት ሰዎች ናቸው። ሲመለስ መኪናው ዘስታፎኒ አቅራቢያ ተገለበጠና ግራ እግሩ ተሰበረ፤ ካርሎ ሆስፒታል ያየው ይህን ነው። ቀኖቹ የሚጋጩ የመሰለዎት ካርሎ በሳምንት ስለተሳሳተ ነው እንጂ አይጋጩም። ከዚያ ወደ ትብሊሲ የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ፣ አንድ ሐኪም ወደ ባቱሚ መለሰው፤ መርከበኞቹ ደግሞ በባሕር ወደ ቱርክ፣ ወደ ትራብዞን አሻገሩት። አሁን እዚያ ነው። እግሩ እየዳነ ነው፤ ትንሽ ያነክሳል። ለእርስዎ ያልጻፈው ከትራብዞን ወደ እኛ የሚሄድ ፖስታ ስለሌለ ነው፤ የኔን ቁጥር ግን በቃሉ ያውቀዋል።

መንገዱ ሲከፈት፣ ምናልባት በጸደይ፣ ይመጣል። እስከዚያ መድኃኒትዎን ይዋጡ፤ ይብሉ። «እማን አደራ» ብሎኛል።

ቁጥር ጠይቀውኝ አልነበር? ይኸው፣ አንድ። ሙሉ አንድ።

የእርስዎ፣
ሜራብ


ትብሊሲ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1993

ሜራብ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። የመጀመሪያውን ቀን እንደ እብድ ነበርኩ፤ ወለሉን ሳምኩት። በረንዳ ላይ ወጥቼ «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ብዬ ግቢውን ሰበሰብኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

አንድም ሰው «እሰይ!» አላለም። ሰው የጎረቤቱ ልጅ ከሞት ሲተርፍ እሰይ አይልም እንዴ? ቫርዶ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና አለቀሰች፣ «በደስታ ነው» አለችኝ። የፒያኖዋ ልጅ እናት ወደ ቤቷ ሮጠች። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ጽሑፍህን እንደማርመው አድርጌ አነበብኩት። ልማድ ነው፤ ስንት ዓመት አርሜሃለሁ። ክፍተት የለውም። ጫማውም ገባ፣ ዓሣውም ገባ፣ ጄሶውም ገባ፣ ቀኖቹም ተስማሙ፣ ፖስታ ያልመጣበትም ምክንያት ተገኘለት። አምሮበታል። አንተ ግን አንድም ዙር ላይ ትርፍ የማይገኝበት ገበያ ብታይ ምን ትላለህ? «ድንቅ ነው» ነው የምትለው? «አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ አስተካክሎታል» ነው የምትለው።

ቅዳሜ ኮቴን ላሳጥር ካርሎ ጋ ወረድኩ። እየለካኝ ሳለ፣

«ካርሎ፣ የተሰበረው የትኛው እግሩ ነው?» አልኩት።

«ቀኙ።»

«ሜራብ ግራው ነው ይላል።»

«አዎ አዎ፣ ግራው ነው፣ ተምታታብኝ።»

«ካርሎ፣ ሱሪ ስትሰፋለት የኖርክ ሰው ነህ። ግራና ቀኙን ነው የማታውቀው?»

መቀሱን አስቀመጠ። «አላየሁትም ካልባቶኖ ላማራ። ዘስታፎኒ የሚባል አገርም ረግጬ አላውቅም። ትንሽ እንቅልፍ ቢወስድዎት ብዬ ነው» አለኝ። ኮቴ ላይ ተደፍቶ ቀረ። እኔም ትቼው ወጣሁ፤ ኮቴም እዚያው ነው።

እንግዲህ የተሰበረ እግር አልነበረም። አንተ ግን ያልተሰበረው እግር ሲያነክስ በስልክ ሰማህ። ካርሎ የዋሸው ልጄ የት እንዳለ ስላላወቀ ሊሆን ይችላል፤ የዋህ ነው። የነዚህን ሁሉ ሰዎች ወሬ አንድ ላይ የያዘ ግን በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ እኔው ነኝ በእጄ ጽፌ የላክሁልህ። ከደብዳቤዬ ቆርጠህ ነው የሰፋኸው። ልጄ የጠፋ ቢሆን ኖሮ አብረኸኝ ትፈልገው ነበር፤ አውቅሃለሁ፣ ኤምባሲ ታስቸግር ነበር፣ ቀይ መስቀል ትሄድ ነበር። አልፈለግከውም። የማይፈልግ ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ ነው።

አልቆጣህም። ለልቤም አትፍራ፤ ልቤ እንደሁ ይኸው ይመታል። ግን ከሁሉም ሰው ውሸት ልቀበል እችላለሁ፣ ካንተ አልቀበልም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያስተማርኩህ፤ ያልሆነውን ሆነ አትበል። ቁጭ በልና ጻፍልኝ።

ላማራ


ዙሪክ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1993

ካልባቶኖ ላማራ፣

ኦቲያ ሞቷል።

በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ባቱሚ አልደረሰም። ከሳምትሬዲያ ወጣ ብሎ ድልድይ ላይ የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቁመው ተሳፋሪውን አስወረዱ። የማን ሰዎች እንደሆኑ ማንም አያውቅም። የያዘውን ስጥ ሲሉት አልሰጥም አለ ይላሉ። አልተሠቃየም፤ ይህን እየዋሸሁ አይደለም፣ አብራው የነበረች ሴት ለቫርዶ የወንድም ልጅ የነገረችው ነው። በአቅራቢያው ያሉ ባልና ሚስት ወስደው በገዛ ቤተሰባቸው መቃብር ቀብረውታል። ቄስ ነበረ። ሴትየዋ እንደ ልጇ አልቅሳለታለች።

ቫርዶ በወሩ አጋማሽ ከማዕከላዊ ቴሌግራፍ ደወለችልኝ። አስከሬኑ መጥቶ ቤቱ ሳይገባ ለእናቱ መርዶ አይነገርም ብለው ግቢው ሁሉ ተማምሎ ነበር። መንገዱ ይከፈታል ሲሉ አልከፈት አለ። እኔንም አስማሉኝ። የኦክቶበሩን ደብዳቤ ስጽፍልዎት አውቅ ነበር።

የኖቬምበሩን ግን ማንም አላዘዘኝም። ቁጥር ስጠኝ ሲሉኝ ጊዜ የላኩልኝን ወሬ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩ። አንድ ዓሣ ተርፎኝ ነበር፤ የት እንደማስገባው ጨንቆኝ፣ መርከበኞቹን ወደ ትራብዞን ሳሻግራቸው ገጠመ። ሁሉም ሲገጥም፣ ካልባቶኖ ላማራ፣ ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ልጁ በሕይወት ያለ መሰለኝ። በራሴ አፈርኩ፤ ግን ላክሁት።

ለባንኩ ሥራዬን እንደምለቅ ነግሬያለሁ። ይህ ለእርስዎ ምንም እንደማያደርግልዎት አውቃለሁ።

ሜራብ


ትብሊሲ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1993

ሜራብ ልጄ፣

ደረሰኝ። አመሰግናለሁ ልልህ አፌ እምቢ አለኝ፤ ግን አልረገምኩህም፣ እንዳታስብ።

ሥራህን አትልቀቅ። ምን ሊረባኝ ነው? አንድ ሰው ይሙቀው።

ወረቀትህን ካነበብኩ በኋላ ጥቁሬን ለበስኩና ወደ ታች ወረድኩ። ቫርዶ ድንች እየላጠች ነበር። ካርሎም መጣ፣ የፒያኖዋ ልጅ እናትም መጣች፣ ሁሉም እየተንጠባጠበ ወጣ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ። መርዶ አርጂ ሆኜ አላውቅማ! «እኔ አውቄያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማልቀስ ትችላላችሁ» አልኳቸው። ወይኔ ልጄ! ከኦክቶበር ጀምሮ አምቀው የያዙት ነው የወጣው። ካርሎ ግድግዳውን በጡጫ መታ። እኔ ነበርኩ የማባብላቸው። ዕንባዬ ገና አልመጣም፤ ይመጣ ይሆናል፤ ስለ እሱም አትጠይቀኝ።

ስለ ማረጋገጫችን ትጠይቀኝ ይሆናል። የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ልፈልገውም አልፈልግም። ስሕተት እንደሌለበት ተስማምተናል፣ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ላንተ ካልነገርኩ ለማንም የምነግረው አይደለም። ቫርዶ ትናንት እግሬ ላይ ወድቃ ይቅር በይኝ ስትለኝ ነው ያወቅሁት። ኖቬምበር ላይ አርባው ሲደርስ፣ መንገዱም እምቢ ሲል፣ ነፍሱ ያለ ተዝካር አትቅር ብለው እኔን ሳይጠሩ አወጡለት። ካርሎ ቤት መጋረጃውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ሙት መታሰቢያ ወጉ ዳቦው ላይ ወይን ጠብ እያደረጉ። ቫርዶ ለሠላሳ ሰው የሚሆን ቦሎቄ ሠርታ ነበር። እናቱ ሳትቀምሰውማ እንዴት ይሆናል ብላ አንድ ሳህን ይዛልኝ ወጣች፤ «ዛሬ አብዝቼ ሠርቼ ነው» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ሦስት ማዕዘን ስስል ውዬ ርቦኝ ነበር። ጠርጌ በላሁት። በረንዳ ላይ ወጥቼ ባዶውን ሳህን ከፍ አድርጌ በጩኸት «ቫርዶ! እጅሽ ይባረክ! የተረፈ ካለ ድገሚኝ!» አልኳት። ሁሉም እዚያ ማዕዱ ላይ ተቀምጠው ሰምተውኛል። ደገመችኝ፣ እሱንም በላሁት።

ላማራ